ለየዕለት ነጂ የሚመች የብስክሌት ኮርቻ፦ በኮምቦልቻና በደሴ መንገድ የተፈተኑ አራት መቀመጫዎች

ኮምቦልቻ ለብስክሌት የተመቸች ከተማ ናት። ደሴ በጦሳ ተራራ ሥር በተዳፋት ላይ የተሠራች ስለሆነች ብስክሌተኛን ታደክማለች፤ ኮምቦልቻ ግን የቦርከና ወንዝ በሚያልፍበት ሜዳ ላይ በመቆርቆሯ የፋብሪካ ሠራተኛውም፣ ተማሪውም፣ ነጋዴውም በብስክሌት ወዲያና ወዲህ ሲል ማየት የተለመደ ነው። እኔም ከቤቴ እስከ ሥራ ቦታዬ ያለውን ሰባት ኪሎ ሜትር በሳምንት ስድስት ቀን፣ ጠዋትና ማታ፣ በብስክሌት ስመላለስ አራተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። በወር አንድ ወይም ሁለት እሑድ ደግሞ የሐረጎን ዳገት ወጥቼ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዤ ደሴ እደርሳለሁ፤ ጉልበቴ ሲፈቅድም እስከ ሐይቅ ከተማ እዘልቃለሁ። በእነዚህ ዓመታት ጎማ ፈንድቶብኛል፣ ሰንሰለት ተበጥሶብኛል፣ የፍሬን ሽቦ አልቆብኛል፤ እነዚህ ሁሉ በአንድ ቀን የሚጠገኑ ናቸው። ለሁለት ዓመት ያህል መላ ያጣሁለት ኮርቻው ነው። እስከ ዛሬ በአራት ኮርቻዎች ላይ ተቀምጫለሁ፤ የእያንዳንዳቸውን ጠባይ በዝርዝር የምጽፈው ለየዕለት መንገድ ብስክሌት የሚነዳ ሰው ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ምን ማየት እንዳለበት እንዲያውቅ ነው።

የመጀመሪያው ኮርቻ ብስክሌቱን ስገዛው አብሮት የመጣው ነው። ብስክሌቴ በቻይና የተሠራ፣ የተራራ ብስክሌት የሚባለው ዓይነት ነው፤ በከተማችን ከሚታዩት ውስጥም ብዙዎቹ እንደርሱ ናቸው። ኮርቻው ከላይ ጥቁር ፕላስቲክ ለብሷል፤ ከልባሱ ሥር ሁለት ጣት የሚያህል ስፖንጅ፣ ከስፖንጁ ሥር ደግሞ ጠንካራ የፕላስቲክ መሠረት አለው። ከኋላ በኩል ሲለካ ስፋቱ 160 ሚሊ ሜትር ነው፤ ሆኖም ጀርባው መካከሉ ከፍ ብሎ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ስለሚያዘቀዝቅ ሰው በእርግጥ የሚቀመጥበት ደልዳላ ክፍል የዚህን ግማሽ ያህል ብቻ ነው። አዲስ በነበረበት ወር አንዳችም ቅሬታ አልነበረኝም። ሦስት ወር ሳይሞላው ስፖንጁ ሞተና መሠረቱ በልብሴ በኩል ይቆረቁረኝ ጀመር፤ በአራተኛው ወር የጭኔ ውስጠኛ ክፍል ተላጠ፤ ቁስሉ ሳይሽር ተመልሼ ያንኑ መንገድ ስለምነዳበት ደግሞ ያመረቅዝ ነበር።

በወሎ ጭነት የሚጭን ሰው ሁሉ ገጣባን ያውቃል። መደላድሉ በአህያዋ ጀርባ ላይ በልኩ ያልተቀመጠ እንደሆነ፣ ጭነቱ ቀላል ቢሆን እንኳ፣ በየእርምጃው አንዱን ቦታ እያሸ ቆዳውን ይልጠዋል። ለእንስሳ እንዲህ በደንብ የምናውቀውን ነገር ለራሳችን አለማሰባችን ይገርመኛል። እኔም በዚያን ጊዜ የደረሰብኝን ገጣባ ነው ብዬ አላሰብሁም፤ ኮርቻው ስለደረቀ ነው ብዬ ለስላሳ ኮርቻ ፍለጋ ወደ ደሴ ወጣሁ።

ስለ ሁለተኛው ኮርቻ ስናገር ስለ አገዛዙም መናገር አለብኝ። የሱቁን ስም አልጠቅስም፤ አሠራሩ የአንድ ሱቅ ብቻ አይደለምና። ኮርቻዎቹ በላስቲክ እንደታሸጉ ከግድግዳው ላይ ተሰቅለዋል። ሻጩ አንዱን አውርዶ ሰጠኝና «በአውራ ጣትዎ ይጫኑት፣ እንደ ፍራሽ ነው» አለኝ። ተጫንሁት፤ ጣቴ እስከ መጀመሪያው አንጓ ድረስ ሰመጠ። ብስክሌቱ ላይ ገጥሜ ለጥቂት ደቂቃ ልቀመጥበት ብዬ ስጠይቅ ላስቲኩ ከተቀደደ ዕቃው እንደተሸጠ እንደሚቆጠር ነገረኝ። ሳልሞክረው 1,800 ብር ከፍዬ ወጣሁ። ኮርቻ የምንገዛ ሰዎች ሁላችንም ማለት ይቻላል የምንፈትነው በአውራ ጣት ነው፤ አውራ ጣት ግን የሰው ክብደት አይሸከምም፣ ለአንድ ሰዓትም አይቀመጥበትም። ገዢ ሳይቀመጥበት እንዲገዛ የሚያስገድድ ሱቅ ጫማ ሳያስለካ የሚሸጥ ሱቅ ማለት ነው።

ኮርቻው ጄል የተሞላ፣ ከኋላ 250 ሚሊ ሜትር የሚሰፋ፣ ከሥሩ ሁለት ሞላ ያለው ነበር። በሜዳው መንገድ ለመጀመሪያዎቹ አሥር ደቂቃዎች በእርግጥ ይመች ነበር፤ ይህን መካድ አልፈልግም። ከዚያ በኋላ ሁለት ነገር ይጀምራል። አንደኛው፣ ስፋቱ ጭንን ስለሚገፋ እግር ፔዳሉን በመታ ቁጥር ጭንና የኮርቻው ጠርዝ ይፋተጋሉ። ሁለተኛውና የባሰው የጄሉ ልስላሴ የሚያመጣው ነው። ሰው ሲቀመጥ ክብደቱን መሸከም ያለባቸው በዳሌው ታችኛ ጫፍ ያሉት ሁለት የመቀመጫ አጥንቶች ናቸው፤ ኮርቻው ከመጠን በላይ ለስላሳ ሲሆን ግን አጥንቶቹ ይሰምጣሉ፣ የተገፋው ጄል ደግሞ መካከል ላይ ይነሣና አጥንት በሌለበት፣ የደም ሥርና ነርቭ በሚያልፍበት ለስላሳ ሥጋ ላይ ይጫናል። ሐረጎን ስወጣ፣ ገና መንገዱን ሳላጋምስ፣ መካከሌ ደነዘዘ። ወርጄ ብስክሌቱን እየገፋሁ ጥቂት ስሄድ ደሙ እየተመለሰ እንደ መርፌ ይወጋኝ ነበር። ሞላዎቹም ቢሆኑ ዳገት ላይ ጉልበት ይበላሉ፤ ፔዳል በተረገጠ ቁጥር ሰውነት ከፍና ዝቅ ይላል። በዚህ ኮርቻ አምስት ወር ነድቻለሁ፤ ያን ያህል የታገሥሁት ገንዘብ ስላወጣሁበት እንጂ ስለተመቸኝ አልነበረም።

በመካከሉ በቀድሞው ኮርቻ ላይ የሚጎተት የጄል ልባስ ገዝቼ ሞክሬ ነበር። ሲነዱበት ይንሸራተታል፣ ዝናብ ሲያገኘው ውኃ ይይዛል፣ ከሥሩ ያለውን ኮርቻ ቅርጽም አያስተካክልም። ማንም እንዳይገዛው እመክራለሁ።

ነገሩ የተለወጠው ኮምቦልቻ ውስጥ ብስክሌት በሚጠግኑ አንድ አዛውንት እጅ ነው። ሥራ ቦታቸው ከአውራ ጎዳናው ጥቂት ገባ ብሎ ያለ ቆርቆሮ ቤት ሲሆን፣ ከውጭ የሚመጡ ያገለገሉ ብስክሌቶችን እየፈቱ ዕቃቸውን ይሸጣሉ። በወጣትነታቸው ከአባታቸው ጋር በቅሎና አህያ ጭነው ወደ ባቲ የሰኞ ገበያ ይወርዱ እንደነበር አጫውተውኛል። የሄድሁት ፍሬን ላስጠብቅ ነበር፤ ስወርድ አረማመዴን አይተው «ልጄ፣ ኮርቻው ገጥቦሃል አይደል?» አሉኝ። የሆነውን ሁሉ ነገርኋቸው። «አብሽር፤ ኮርቻ በሻጭ ምላስ አይመረጥም፣ በተቀማጩ አጥንት ነው» ብለው ከጥግ አንድ የተጣለ ካርቶን አነሡ።

ያደረጉትን በዝርዝር እጽፈዋለሁ፤ ማንም ሰው ያለ አንዳች ወጪ ቤቱ ሊያደርገው ይችላልና። ካርቶኑ ውስጡ ሽንሽን ያለው፣ የቢራ ወይም የዘይት ማሸጊያ የሚሆነው ዓይነት ነው። በጠፍጣፋ የእንጨት በርጩማ ላይ አነጠፉት። ቀጭን ሱሪ ለብሼ ተቀመጥሁበት፤ ጉልበቴ ከዳሌዬ ከፍ እንዲል እግሮቼን በጡብ ላይ አሳረፉልኝ፤ ብስክሌት መሪ እንደያዝሁ ሁሉ ወደ ፊት ጎንበስ አልሁ፣ ከዚያም በርጩማውን ከሥሩ ይዤ ራሴን ወደ ታች ሳብሁ። ግማሽ ደቂቃ ያህል ቆይቼ ስነሣ ካርቶኑ ላይ ዓይን በደንብ የማይለየው ሁለት ስርጉድ ቀርቷል። ከሰል በጠፍጣፋው ይዘው ገጹን ቀስ ብለው ሲያሹት ዙሪያው ጠቆረና ስርጉዶቹ ነጭ ሆነው ወጡ፤ ሁለት የእንቁላል ቅርጽ ያላቸው ምልክቶች ጎን ለጎን። የሁለቱን መካከል በእስክሪብቶ ነጥበው በማስመሪያ ለኩ፤ 118 ሚሊ ሜትር። ከዓመት በላይ ያሠቃየኝ ነገር ምንጩ በዚህች ቁጥር ላይ ነበር።

የቁጥሩ ትርጉም ይህ ነው። በሁለቱ አጥንቶች መካከል ያለው ርቀት ከሰው ሰው ይለያያል፤ ከቁመት ወይም ከውፍረት ጋርም የግድ አይሄድም፤ ወፍራም ሰው ጠባብ፣ ቀጭን ሰው ሰፊ ሊሆን ይችላል። ኮርቻው ሁለቱን አጥንቶች ሙሉ በሙሉ ለመሸከም ከዚህ ርቀት 20 ሚሊ ሜትር ያህል መስፋት አለበት። ቀጥ ብሎ የሚቀመጥ ነጂ ክብደቱ ሁሉ ወደ ኋላ ስለሚያርፍ ሰፋ ያለ ኮርቻ ይሻል፤ ወደ መሪው ጎንበስ የሚል ነጂ ዳሌው ወደ ፊት ስለሚዞርና ክብደቱ ለእጁም ስለሚካፈል ጠበብ ያለው ይስማማዋል። እኔ መጠነኛ ጎንበስ የምል በመሆኔ 140 ሚሊ ሜትር አካባቢ የሆነ፣ ጀርባው ደልዳላ ኮርቻ ይበቃኝ ነበር። የመጀመሪያው ኮርቻ በማስመሪያ ሲለካ ሰፊ ቢመስልም አጥንቶቼ የሚያርፉት በሚያዘቀዝቀው ጎኑ ላይ ነበር፤ ሁለተኛው ደግሞ ከሚያስፈልገኝ በ110 ሚሊ ሜትር በልጦ ጭኔን ይልጥ ነበር። ስለዚህ ኮርቻ ስትገዙ ከዳር እስከ ዳር ያለውን ስፋት ብቻ አትመልከቱ፤ ከኋላው ቆማችሁ ጀርባው የቱን ያህል ደልዳላ እንደሆነ እዩ።

አዛውንቱ ከተፈቱት ብስክሌቶች መካከል ሦስተኛውን ኮርቻዬን አወጡልኝ። ሴሌ ሮያል ከተባለው የጣልያን ኮርቻ ሠሪ የወጣ፣ ከኋላ 145 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው፣ ስፖንጁ ጠጠር ያለና ቀጭን፣ መካከሉ ላይ ከኋላ እስከ ፊት የሚሄድ ቦይ ያለው ነው። «ሳምንት ንዳበትና ካልተስማማህ መልስልኝ፤ ገንዘብ ያን ጊዜ እንነጋገራለን» አሉኝ። ይህ አንድ ቃል ለእኔ ከኮርቻው አያንስም። ኮርቻ በአንድ ቀን አይታወቅም፤ ጠንካራ ኮርቻ ላይ የተቀመጠ ሰው አጥንቱ እስኪለምድ ድረስ ለሰባት ወይም ለአሥር ቀን ያህል በአጥንቶቹ ሥር እንደ ድካም ያለ ሕመም ይሰማዋል፤ ይህ ሕመም ይጠፋል። መደንዘዝና መላጥ ግን የልምድ ጉዳይ አይደሉም፤ በሁለተኛው ቀን ከመጡ በሁለተኛው ወርም አይለቁም። ገዢው ይህንን ልዩነት ሊያውቅ የሚችለው የመሞከሪያ ጊዜ ሲሰጠው ብቻ ነው። በስምንተኛው ቀን ሄጄ 900 ብር ከፈልሁ።

ኮርቻውን በደንብ የፈተንሁት ወደ ሐይቅ በሄድሁበት እሑድ ነው። ከኮምቦልቻ ተነሥቶ ደሴን አልፎ ሐይቅ ከተማ መድረስና መመለስ 110 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ በዚህ ላይ የሐረጎ ዳገት ብቻውን ሰውን ወደ 600 ሜትር ከፍታ ያወጣል። ዳገት ላይ ነጂው ከኮርቻው ሳይነሣ ለረጅም ጊዜ ስለሚቆይ ጥሩና መጥፎ ኮርቻ የሚለዩት እዚያ ነው። ደሴ ስደርስ መካከሌ አልደነዘዘም፤ ሐይቁ ዳር ተቀምጬ ምሳዬን ስበላም አንድ ቦታ ላይ ከመድከም በቀር የተላጠ ነገር አልነበረም። ስመለስ በቁልቁለቱ ላይ ጠንካራነቱ ተሰማኝ፤ አስፋልቱ በተጎዳበት ቦታ ከፍ ብዬ ካልተነሣሁ በቀር ጉድጓዱን ሁሉ ያሳውቃል። ይህ እውነተኛ ጉድለቱ ነው፤ ለስላሳ መንገድ ብቻ ለሚነዳ ሰው ግን አይቆጠርም።

አራተኛው ኮርቻ የቆዳ ነው። ብሩክስ ቢ17 ይባላል፤ ከውጭ የመጣ ዘመዴ ያመጣልኝ ነው። የብሩክስ ታሪክ ለወሎ ሰው የሚቀርብ ይመስለኛል፤ ጆን ቦልትቢ ብሩክስ እ.ኤ.አ. በ1866 በእንግሊዝ በርሚንግሃም ከተማ ሥራውን የጀመረው የፈረስ ዕቃና ሌላ የቆዳ ሥራ እየሠራ ነው። እንደሚነገረው ፈረሱ ሲሞትበት ብስክሌት ተውሶ መንዳት ጀመረ፤ መቀመጫው ስላስመረረውም የፈረስ ኮርቻ ዕውቀቱን ወደ ብስክሌት አምጥቶ እ.ኤ.አ. በ1882 የመጀመሪያውን የኮርቻ ፈጠራ መብት አስመዘገበ። ዛሬ ብሩክስ ከሴሌ ሮያል ጋር በአንድ ኩባንያ ሥር ነው፤ ስለዚህ ሦስተኛውና አራተኛው ኮርቻዎቼ ሳላውቅ የተገዙ ዘመዳሞች ናቸው።

ቢ17 ስፖንጅም ጄልም የለውም። አንድ ወፍራም የላም ቆዳ ከፊትና ከኋላ በብረት ላይ በምስማር ተወጥሮ እንደ ጠፍር አልጋ ይንጠለጠላል። የተወጠረ ጠፍር ላይ የተኛ ሰው የአሠራሩን ጥበብ ወዲያው ይረዳዋል፤ ከሥሩ ባዶ ስለሆነ ክብደትን ይቀበላል፣ አየር ያስገባል፣ በጊዜ ብዛትም የተቀማጩን ቅርጽ ይይዛል። ሲመጣ እንደ ጣውላ ደረቅ ነበር፤ ስፋቱ 175 ሚሊ ሜትር ያህል ቢሆንም ከኋላው ያለው የብረት ቅስት ስለማይቀመጡበት ጥቅም ላይ የሚውለው ክፍል ከዚያ ያንሳል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት በትዕግሥት አሳለፍሁ። በሦስተኛው ወር ላይ ብስክሌቱን ወደ ብርሃን አዙሬ ስመለከተው ሁለት ጥልቀት የሌላቸው ስርጉዶች ቆዳው ላይ ታትመዋል፤ በካርቶኑ ላይ በከሰል የወጡት እነዚያው ምልክቶች ናቸው። ማስመሪያ አምጥቼ ለካሁት፤ 118 ሚሊ ሜትር ነው።

በምቾት ይህ ኮርቻ ከአራቱ ይበልጣል፤ ሆኖም ለሁሉም ሰው አልመክረውም። ቆዳ ውኃ ከጠጣና በዚያው ከተነዳበት ይለጠጣል፣ መልሶም አይሰበሰብም። በሐምሌና በነሐሴ ዝናብ በዚህ ኮርቻ ሥራ መመላለስ ዕቃውን ማጥፋት ነው። በግንቦት ፀሐይ ውሎ የቆመ እንደሆነ ደግሞ ይደርቃል፣ ሊሰነጠቅም ይችላል። ፋብሪካው ለዚህ የሚሸጠው ቅባት ሞራና ሰም ያለበት ነው፤ እኔ የማርና የሞራ አገር ሰው ስለሆንሁ ጥቂት ሰም ከሞራ ጋር አቅልጬ በቀጭኑ እቀባዋለሁ፤ ከላይም ከሥርም፣ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ከዚያ በላይ አይደለም። ብዙ የተቀባ ቆዳ ይላሽቃል። ከአፍንጫው፣ ማለትም ከኮርቻው ጠባብ የፊት ጫፍ፣ ሥር ቆዳውን የምታወጥር ብሎን አለች፤ ቆዳው በግልጽ ካልረገበ በቀር አትንኳት፤ የረገበም እንደሆነ ከሩብ ዙር በላይ አታጥብቋት።

ትክክለኛው ኮርቻ በትክክል ካልተገጠመ ያው እንደ መጥፎው ነው። ይህንንም ያስተማሩኝ እኒያው አዛውንት ናቸው፤ የግንበኛ ውሃ ልክ ኮርቻው ላይ አጋድመው አፍንጫው ወደ ላይ እንደተነሣ አሳዩኝ። አፍንጫው ከፍ ሲል መካከልን ይጫናል፤ ዝቅ ሲል ነጂው ወደ ፊት እየተንሸራተተ ክብደቱን በእጆቹ ስለሚይዝ መዳፉ ይደነዝዛል፣ ትከሻው ይታመማል። ኮርቻው እንደ ውሃ ልኩ ጠፍጣፋ ሆኖ ይጀመርና እንደ ስሜት በጥቂቱ ብቻ ይዘቅዝቅ። የእኔ ኮርቻ በሳምንቱ ተመልሶ አፍንጫውን ይደፋ ነበር፤ ሲፈቱት ኮርቻውን ከዘንጉ ጋር የሚያያይዘው ማቀፊያ ጥርሶች ተበልተዋል። በ13 ቁልፍ የቱንም ያህል ቢጠበቅ የተበላ ጥርስ አይነክስም። ማቀፊያው በጥቂት ብር ተለወጠ፤ ከዚያ ወዲህ አልተንቀሳቀሰም። ኮርቻችሁ በየጊዜው የሚንሸራተት ከሆነ አዲስ ኮርቻ ከመግዛታችሁ በፊት ይህችን ማቀፊያ አስፈትታችሁ እዩ።

ከፍታውም እንዲሁ ነው። ቀላሉ መንገድ ግድግዳ ተደግፎ ኮርቻው ላይ መቀመጥና ፔዳሉን ወደ ታች ጨርሶ አውርዶ ተረከዝን ማሳረፍ ነው፤ ጉልበት ቀጥ ካለ ከፍታው ልክ ነው፤ በኋላ በእግር ፊተኛ መዳፍ ሲረገጥ ጉልበቱ ትንሽ ይታጠፋል። ሦስት ጊዜ የቱር ደ ፍራንስ የብስክሌት ውድድር አሸናፊ የሆነው አሜሪካዊው ግሬግ ለሞንድ ያስፋፋው ስሌትም አለ፤ ከብሽሽት እስከ መሬት ያለው የእግር ርዝመት በ0.883 ይባዛል፣ ውጤቱ ፔዳሎቹ ከሚዞሩበት ማዕከል እስከ ኮርቻው ጀርባ ያለው ርቀት ነው። የእኔ 80 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ 70.6 ይመጣል፤ በተረከዝ ከተገኘው ጋር የጣት ውፍረት ያህል እንኳ አልተለያየም። በከተማችን ብዙ ሰው ኮርቻውን እጅግ ዝቅ አድርጎ፣ ጉልበቱ ወደ ደረቱ እየመጣ ሲነዳ አያለሁ፤ እንዲህ ሲሆን እግር ክብደትን አይጋራምና ኮርቻው ሁሉን ይሸከማል፤ ጉልበትም ይጎዳል።

ስለ መደንዘዝ ዝም ማለት አልፈልግም፤ ወንዶች ስለሚያፍሩ አይናገሩትም። በአሜሪካ የሥራ ደኅንነትና ጤና ብሔራዊ ተቋም ተመራማሪዎች ያካሄዱትና እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመው ጥናት 90 ብስክሌተኛ ፖሊሶችን ለስድስት ወር አፍንጫ በሌለው ኮርቻ አስነድቶ የመደንዘዙ ችግር በእጅጉ እንደቀነሰ አሳይቷል። አፍንጫ የሌለው ኮርቻ በእኛ ገበያ አላየሁም፤ መካከሉ ቦይ ያለው ኮርቻ፣ ትክክለኛ ስፋትና የተስተካከለ አፍንጫ ግን ለእኔ ችግሩን አስወግደውልኛል። በየጊዜው የሚደነዝዘው ሰው እንደ ተራ ነገር ቆጥሮት አይለፍ።

ታናሽ እህቴም በብስክሌት ሥራ ትሄዳለች። እንደኔ በካርቶን ስትለካ 132 ሚሊ ሜትር መጣ፤ በአማካይ የሴቶች የመቀመጫ አጥንት ሰፋ የሚል ነው። መሪው ከፍ ባለ ብስክሌት ላይ ቀጥ ብላ ስለምትቀመጥ፣ መንገዷም ሜዳ ብቻ ስለሆነ፣ ለእኔ ያልሆነው ሞላ ያለው ኮርቻ ለእርሷ ሆነ፤ የእርሷ ግን 180 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለውና ጠንከር ያለ ነው እንጂ እኔ ከደሴ ያመጣሁት ዓይነት አይደለም። አፍንጫው አጭር መሆኑም ቀሚስ ለብሳ ስትወጣና ስትወርድ አይዛትም። ሞላ ያለውን ኮርቻ በጅምላ የማልነቅፈው ስለዚህ ነው።

ሌላውን በአጭሩ ላንሣ። የጂንስ ሱሪ ወፍራም ስፌቶች የሚገናኙት ሰው በሚቀመጥበት ቦታ ነው፤ ሩቅ መንገድ ስሄድ ከሱሪዬ ሥር ስፌቱ ቀጭን የሆነ ባለ ስፖንጅ ቁምጣ እለብሳለሁ። የኮብልስቶን መንገድ ላለበት ሰፈር ደግሞ የጎማውን ንፋስ ትንሽ መቀነስ ኮርቻ ከመለወጥ የበለጠ ይጠቅማል፤ ሰፊ ጎማ በመጠኑ ሲለሰልስ ንዝረቱን ከኮርቻው በፊት ይቀበለዋል።

አራቱን ከነዳሁ በኋላ ፍርዴ ይህ ነው። ዓመቱን ሙሉ ሥራ ለሚመላለስ ሰው 900 ብር የከፈልሁበትን፣ ጠጠር ያለና ቦይ ያለውን ኮርቻ አስቀድማለሁ፤ ዝናብ አይጎዳውም፣ እንክብካቤ አይጠይቅም፣ ቢሰረቅም የሚያስለቅስ ዋጋ የለውም። የቆዳው ኮርቻ የረጅም መንገድና የበጋ ዕቃ ነው። ከሁለቱም በፊት ግን ካርቶንና ከሰል ያዙ፤ ሻጩም የመሞከሪያ ጊዜ እንዲሰጣችሁ ጠይቁ፤ እምቢ ካለ ያገለገለ ዕቃ ወደሚፈቱ ጠጋኞች ሂዱ።

አሁን ሐምሌ ነው፤ ቢ17 በጨርቅ ተጠቅልሎ ቤቴ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ መስቀል ሲያልፍ አንድ ጊዜ ሰምና ሞራ ቀብቼ መልሼ እገጥመዋለሁ። አዛውንቱ ጋ ትናንት ስሄድ ያቺ የእኔ ካርቶን አሁንም በበራቸው ጀርባ በምስማር ተመትታ አለች፤ ከጎኗ ሌሎች አምስት ካርቶኖች ተጨምረዋል፤ በእያንዳንዳቸውም ላይ በእስክሪብቶ የተጻፈ ቁጥር አለ።